ባለ ስድስት ጎማውን ተንሳፋፊ ስትገዙ ከሞተሩ በፊት ሆዱን እዩ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከካናዳ፣ ከአልበርታ፣ ከኤድመንተን በስተሰሜን ካለ አካባቢ ነው። ሐይቅ ዳር ትንሽ የእንጨት ቤት አለችኝ። የመኪና መንገዱ ካበቃበት እስከ ቤቷ ያለው ሦስት ኪሎ ሜትር ግን ረግረግ ነው፤ ሲረግጡት እስከ ጉልበት ያሰምጣል፣ በመካከሉም በእግር የማይሻገሩት ኩሬ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ቤቴ የገባሁት ረግረጉ በረዶ በሚሆንባቸው ወራት ብቻ ነው። ልጆቼ ያንን ሐይቅ በረዶ ሆኖ እንጂ ውኃ ሆኖ አይተውት አያውቁም።

ስለዚህ ባለፈው ሚያዝያ በየብስም በውኃም የሚሄደውን ባለ ስድስት ጎማ፣ አርጎ የሚባል ያገለገለ ማሽን በ5,200 የካናዳ ዶላር ገዛሁ። ዕድሜው ከሃያ ዓመት በላይ ነው። ሻጩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ድምፁ የተስተካከለ ነበር፣ ጭስም አልነበረውም። በዚያ ድምፅ ተማርኬ ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁ።

ቤት አድርሼ ከኋላ ያለውን የውኃ መውጫ ቡሽ ስፈታው ዝገት ያቀለመው ውኃ ሁለት ባልዲ ያህል ወጣ። በክሪክ አንሥቼ ጎማዎቹን በእጄ ሳዞር የግራው መካከለኛ ጎማ እንደ ወፍጮ ድንጋይ አፋጨ። የውስጡን ወለል ስከፍት ሰንሰለቶቹ ቀይ ሆነው ልል ብለዋል። ከሁሉ የከፋው ከሥር ነበር፤ አንድ ክንድ የሚሆን ስንጥቅ በሲሊኮንና በጥቁር ቴፕ ተሸፍኖ፣ በላዩ ጭቃ ተለስኖበታል። የሰው ሕይወት ይዞ ውኃ ላይ የሚወጣን ነገር እንዲህ ሸፍኖ መሸጥ ነውር ነው፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማሽኑን ለማታውቁት አሠራሩን ልንገራችሁ። ገላው ከወፍራም ፕላስቲክ የተሠራ አንድ ትልቅ ገንዳ ነው፤ ቀፎ እንበለው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ሰንሰለቱ፣ ሰዉም ሁሉ በቀፎው ውስጥ ናቸው። ሞተሩ ቺንጋ ያዞራል፣ ቺንጋው ካምቢዮውን ያንቀሳቅሳል፣ ከካምቢዮው የሚወጣው ኃይል በግራና በቀኝ በኩል በሰንሰለት ለሦስት ሦስት ጎማዎች ይዳረሳል። ጎማዎቹ እንደ መኪና ወደ ጎን አይታጠፉም። መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩት በግራ በኩል ያለውን ፍሬን ይይዛል፣ የቀኙ ጎን መሄዱን ይቀጥላል፣ ማሽኑም ይዞራል። ውኃ ላይ ደግሞ የጎማዎቹ ጥርሶች እንደ መቅዘፊያ ሆነው በሰው እርምጃ ፍጥነት ያስኬዱታል።

የምለው ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ማሽን ስትገዙ ሞተሩ የመጨረሻ ጉዳያችሁ ይሁን። ሞተሩ በጥቂት ብሎን ወጥቶ ሌላ ይገባል። ቀፎው፣ ኩሽኔታዎቹ (የጎማዎቹን ዘንግ ይዘው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርጉት) እና ሰንሰለቶቹ ግን ማሽኑ ራሱ ናቸው። ጥያቄዬም፦ ሁሉን ፈትቼ ልሥራው ወይስ ለዚህ በጋ የሚያደርሰኝን ብቻ ልጠግን? ስንጥቁንስ በምን ልድፈነው?

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም በዚህ የኢንተርኔት መድረክ ከጽሑፌ ሥር የተካሄደው ውይይት፣ በጣም ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚደጋግሙ፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሰባስቤያለሁ።

1. የመጀመሪያው መልስ ከካልጋሪ ነበር፤ ትሑት ሰው ነው። እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረና የተሠራበትን ዓመትና የመለያ ቁጥሩን ጠየቀኝ፤ መለዋወጫ ሲታዘዝ ያለዚያ ቁጥር የተሳሳተ ዕቃ እንደሚመጣ አስረዳ። ስድስቱንም ጎማ ከመሬት አንሥቼ እያንዳንዱን ወደ ላይና ወደ ታች እንድነቀንቅም መከረ። የሚወዛወዝ ካለ ኩሽኔታው አልቋል።

2. ከሚኒሶታ የጻፈው ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ነው። በግራ በኩል ያለው ሰንሰለቱ ረግረግ መካከል ተበጥሶበት ማሽኑ በአንድ ቦታ ላይ ክብ እየሠራ ቀርቷል። ያስደነገጠው ግን መዞሩ አልነበረም። ፍሬኑ የሚሠራው በካምቢዮው መውጫ ላይ ስለሆነ፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ የዚያ ጎን ጎማዎች ፍሬናቸውንም ያጣሉ። ተዳፋት ላይ ቢሆን ኖሮ ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እኔ ይህን አላሰብሁትም ነበር፤ ሰንሰለት የሚያገለግለው ኃይል ለማስተላለፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

3. እዚህ ላይ ጋሼ መጡ። ቶሮንቶ የሚኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት የሠሩ ሰው ናቸው፤ በዚህ መድረክ ብዙዎቻችን ጋሼ እንላቸዋለን። የእኔን አባባል የጀማሪ አባባል ነው ብለው ተቹት። ሞተር ተነሣ ማለት ሞተር ደኅና ነው ማለት እንዳልሆነ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንዱ እየሠራ እንኳ ሊነሣ እንደሚችል አስረዱ። አዲስ ሞተር ከነማስማሚያው ስንት እንደሚያስወጣ ሳይጠይቁ ሞተር የመጨረሻ ጉዳይ ነው ማለት ሰውን ያሳስታል አሉ። ካንዴላውን አውጥቼ የእመቃ ግፊቱን፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ፣ በመለኪያ እንድለካ አዘዙ። አነጋገራቸው ጠንከር ያለ ቢሆንም ስለ ሁለቱ ሲሊንደሮች ያሉት እውነት ነው።

4. አራተኛው ወዲያው ጋሼን አረማቸው። በእኔ ማሽን ላይ እንዳለው ያሉ፣ በአየር የሚቀዘቅዙ የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ኩባንያ ሞተሮች በቀላሉ እንዲነሡ ሲባል በዝግታ ሲዞሩ እመቃቸውን በከፊል የሚለቅ መላ አላቸው። ስለዚህ መለኪያው ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል፤ ሰውም ደኅናውን ሞተር ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። ትክክለኛው መንገድ ፒስተኑን ከላይ አድርሶ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገብቶ ምን ያህሉ እንደሚያመልጥና በየት በኩል እንደሚያመልጥ ማዳመጥ ነው። በካርቡሬተር በኩል ከተነፈሰ የመግቢያው ቫልቭ፣ በማርሚታ በኩል ከሆነ የመውጫው፣ በዘይት መሙያው በኩል ከሆነ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል።

5. ጋሼ ተመልሰው እርማቱን ተቀበሉ። እሳቸው የለመዱት የመኪና ሞተር መሆኑን ተናግረው፣ አራተኛውን አመሰገኑ። ሞተሩ ይቅደም የሚለውን አቋማቸውን ግን አልለቀቁም። እኔም በበኩሌ አባባሌን አሻሽዬ ጻፍሁ፦ ሞተሩን መርምሩ፤ ነገር ግን ገንዘብ የምትከፍሉለት ነገር እሱ አይሁን።

6. ከማኒቶባ የጻፈች እኅት ስለ አይጥ አነሣች። ማሽኑ ወራት ሙሉ ሲቆም አይጦች ሞተሩን በሸፈነው ቆርቆሮ ሥር፣ በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል፣ ሣርና ጨርቅ አምጥተው ጎጆ ይሠራሉ። ሞተሩ ይነሣል፣ ድምፁም ያምራል፤ አየር ግን አያገኝም። እሷ ይህን ያወቀችው የባልዋ ሞተር ከልክ በላይ ግሎ አንዱ ፒስተን ከተጣበቀ በኋላ ነው። በማግሥቱ ሽፋኑን ፈታሁ። አንድ እፍኝ የደረቀ ሣር፣ የአይጥ ጥርስ የነካው የመቀመጫ ስፖንጅ፣ አንድ የለውዝ ቅርፊት አገኘሁ። ያን ማሽን ለሁለት ሰዓት ነድቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነበር። እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

7. ሰባተኛው ስለ ስንጥቁ ነው። ጀልባ ሲጠግን እንደኖረና ፋይበርና ኤፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ሙጫ የማይዘው ነገር እንደሌለ ጽፎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ሦስት ድርብ እንድለጥፍ መከረ።

8. ስምንተኛው ተቆጣ። የአርጎ ቀፎ ፖሊኢትሊን መሆኑን፣ በዚህ ፕላስቲክ ላይ ማጣበቂያ የሚባል ነገር ሁሉ እንደ ሰም ተላጦ እንደሚወድቅ፣ እንዲህ ያለ ምክር የሰውን ልጆች ሐይቅ መካከል እንደሚያሰምጥ ጻፈ። የማያውቁትን አለመምከር ምን ያስቸግራል የሚል ኃይለ ቃልም ጨመረበት። ፍሬ ነገሩ ትክክል ነው፤ አነጋገሩን ግን አልወደድሁትም። ሰባተኛው ሰው በቅንነት ነው የጻፈው፤ ለፋይበር ጀልባም ምክሩ ይሠራል።

9. ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ በላይ የወደድሁት ነው። የምትጽፈው ከዋሽንግተን አካባቢ ነው። ልጅ ሆና አጎቷ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አጠገብ ይሠራ ነበር። ሥራው የተቀደዱ የዘይት ጀሪካኖችን መጠገን ነው፤ እነዚያን ሁላችንም ውኃ የቀዳንባቸውን ቢጫ ጀሪካኖች። ከሰል ላይ የጋለ ስለት ብረት ይዞ የስንጥቁን ከንፈሮች ያቀልጥና፣ ከሌላ ከተጣለ ጀሪካን የቆረጠውን ቅዳጅ እያቀለጠ ይሞላበታል። ሙጫ አይነካም ነበር። ቀዩን ወይም ሰማያዊውን ፕላስቲክ ቢያመጡለትም አይቀበልም፤ ዝምድና የለውም ይላቸዋል ስትል ታስታውሳለች። የጀሪካኑ ፕላስቲክና የእኔ ቀፎ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያወቀችው ስምንተኛውን መልስ ስታነብ ነው። እኔም ሳነበው ቆም አልሁ። ኦንታርዮ ውስጥ በፋብሪካ የተሠራን ማሽን ለመጠገን የምፈልገው ዕውቀት ልጅ ሳለሁ በየቀኑ ባለፍሁበት መንገድ ዳር ነበር።

10. አሥረኛው የአጎቷን ጥበብ በዛሬ መሣሪያ አብራራው፤ በሙያው ፕላስቲክ በያጅ ነው። በመጀመሪያ የፕላስቲኩን ዓይነት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከቀፎው ጠርዝ ትንሽ ላጭቶ ውኃ ውስጥ መጣል ነው፤ ከተንሳፈፈ ፖሊኢትሊን ነው፣ ከሰመጠ ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው ሊሆን ይችላል። ቀደም ባለው ዘመን ከተሠሩት ማሽኖች አንዳንዶቹ በኤ.ቢ.ኤስ. የተሠሩ ስለሆነ ለእነሱ አሴቶን በሚባል ፈሳሽ የሟሟ ያው ፕላስቲክ እንደ ሙጫ ይሠራል፤ ለፖሊኢትሊን ግን አሴቶን ምንም አያደርገውም። ቀጥሎ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ መብሳት ነው፤ ያለዚያ ስንጥቁ ከተበየደ በኋላም ከጫፉ መሮጡን ይቀጥላል። ስንጥቁን በሹል ነገር ፈልፍሎ ቦይ ማስያዝ፣ ፀሐይ ያደረቀውን የላይኛውን ገጽ መፋቅ፣ ከዚያም በሙቅ አየር ቦዩንና የመበየጃውን ዘንግ እኩል እያለሰለሱ መሙላት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ዘንጉን ብቻ ሲያቀልጡ ነው ይላል። ላዩ ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል፤ በጥፍር ሲይዙት ይነሣል። ከማሽኑ በፊት በተጣለ ጀሪካን ላይ እንድለማመድም መከረኝ።

11. ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ታሪክ ሄደ። አንድ ሰው እነዚህ ማሽኖች ከየት እንደመጡ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ ጂገር የሚባል ትንሽ ባለ ስድስት ጎማ ተሠራ፤ አምፊካትና ሌሎችም ተከተሉ። አርጎ ኦንታርዮ፣ ኒው ሃምበርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ወጣ። ሆንዳ ባለ ሦስት ጎማውን እ.ኤ.አ. በ1970 ገበያ ከማውጣቱ በፊት በሰሜን አሜሪካ በሁሉም መሬት የሚሄድ ተሽከርካሪ ሲባል ሰው የሚያስበው እነዚህን ባለ ስድስት ጎማዎች ነበር። ማክስ የሚባለው ባለ ስድስት ጎማም የካናዳ ሥራ ነው ብሎ ደመደመ።

12. ማክስ የተሠራው ኒው ዮርክ ግዛት፣ በፋሎ ውስጥ መሆኑን የማክስ ባለቤት የሆነ ሰው አረመ። በዚያውም የእሱ ማሽን እንደ እኔው ባለ መሪ ሳይሆን በሁለት እጀታ የሚነዳ መሆኑን፣ አንዱን ሲስቡ ወደዚያው እንደሚዞር፣ ሁለቱን ሲስቡ እንደሚቆም ገለጸ። ከአርጎ ጋር ማወዳደር ጀምሮ ነበር፤ እኔ ወደ ሰንሰለቱ እንመለስ ብዬ ለመንሁ።

13. ልመናዬን የሰማ አልነበረም። ከባሕር ዳር የጻፈ ወጣት ይህ ማሽን ጣና ላይ ለእምቦጭ ነቀላ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ። እምቦጩ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ጀምሮ የአካባቢው ሰው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲጎትት መኖሩን አስታወሰ። ረግረግም ሐይቅም ለሚሻገር ነገር ከፎገራና ከደንቢያ ዳርቻ የተሻለ ቦታ የት አለ ብሎ ነው። ጥያቄው ልብ ይነካል።

14. የመለሰለት ሰው ክፉኛ ገሠጸው። የሐይቅ መከራ መጫወቻ አይደለም፣ የሀብታም አገር የአደን ማሽን ለጣና መፍትሔ አይሆንም አለ።

15. ስምንተኛውን የጻፈው ቁጡው ሰው ሳይታሰብ ለወጣቱ ተከራከረለት፤ ጥያቄውንም በቁም ነገር ወሰደለት። ማሽኑ ውኃ ላይ የሚሄደው በጎማዎቹ ነው። የእምቦጭ ሥርና ግንድ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ይጠመጠማል፤ ተጠምጥሞም ውኃ እንዳይገባ የሚከለክለውን የላስቲክ ቀለበት ይበላና ወደ ኩሽኔታው ይደርሳል። እርጥብ እምቦጭ ደግሞ ከባድ ነው፤ ማሽኑ ውኃ ላይ የሚሸከመው መሬት ላይ ከሚሸከመው ያነሰ ስለሆነ ብዙ መጎተትም መጫንም አይችልም። በዳርቻው ረግረግ ላይ ሰዎችንና መሣሪያ ለማመላለስ ግን ሊጠቅም ይችላል አለ። በዚህ ሰው ላይ የነበረኝን አስተያየት ቀየርሁ።

ከ16 እስከ 18 ያሉት ስለ ማስገባት ነበሩ። አንዱ ማሽኑን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ስንት ያስወጣል አለ። ሌላው መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውሶ ከመግዛት በፊት ጉምሩክን መጠየቅ ይቀድማል አለ። ሦስተኛው መለዋወጫው ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ፣ መልስም አላገኘም።

19. ወደ ጉዳያችን የመለሰን አሥራ ዘጠነኛው ነው፤ ስለ ጎማ ጻፈ። በአንድ ጎን ያሉት ሦስት ጎማዎች በሰንሰለት የተሳሰሩ ስለሆኑ እኩል ይዞራሉ። አንዱ ጎማ ከሌላው በዙሪያው ሁለት ጣት ቢያንስ፣ በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ሊቀድም፣ ሌላው ሊቀር ይታገላል፤ ትግሉን የሚሸከመው ሰንሰለቱ ነው። የግራና የቀኙ ካልተመጣጠኑ ደግሞ ማሽኑ ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ ነጂው ለማቃናት ፍሬን ይይዛል፣ ፍሬኑ ይግላል። ስለዚህ ስድስቱንም በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያቸውን ልካ አለኝ። ነፋሱም በመኪና ልክ አይሞላም። መኪና 30 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ገደማ ሲይዝ እነዚህ ጎማዎች የሚይዙት 3 ገደማ ነው፤ በተራ መለኪያ አይነበብም፣ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ መለኪያ ያስፈልጋል። ለካሁ። የቀኙ የኋላ ጎማ ከጎኑ ካሉት በ4 ሴንቲ ሜትር ያንስ ነበር፤ ሻጩ ከሌላ ማሽን አምጥቶ የገጠመው ነው። ሰንሰለቶቹ ለምን እንደተለጠጡ ያን ጊዜ ገባኝ።

20. ጋሼ እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ ስለ ሰንሰለት ነው፤ ንግግራቸውም ለስልሷል። ሰንሰለት ተለጠጠ ሲባል ብረቱ ረዘመ ማለት እንዳልሆነ፣ በየመጋጠሚያው ያሉት ፒኖችና ቀለበቶች ተፋግተው ክፍተት እንደፈጠሩ አብራሩ። የተወሰኑ መጋጠሚያዎችን ርዝመት ከአዲስ ሰንሰለት ጋር አስተያይቼ ከመቶ ሦስት ያህል ከረዘመ ማጥበቂያውን ከማስጨነቅ ይልቅ እንድለውጠው፣ ሰንሰለት ሲለወጥም የሚነክሰው ጥርስ ሹል ሆኖ እንደሆነ አብሮ እንዲለወጥ መከሩ። አሮጌ ጥርስ አዲስ ሰንሰለትን በአንድ በጋ ይበላዋል። መጋጠሚያውን የሚይዘው ትንሽ መቆንጠጫም (ክሊፕ) የተዘጋው ጫፉ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ አንድ እንቅፋት ይነቅለዋል።

21. ከየሎውናይፍ የጻፈ ሰው በዚህ ላይ የብርዱን ነገር ጨመረ። በሆዱ ውኃ ይዞ የከረመ ማሽን ውኃው ይረጋና ሰንሰለቶቹን በበረዶ ውስጥ ይቀብራቸዋል። ባለቤቱ ሳያይ አስነሥቶ ነዳጅ ሲሰጥ የሚበጠሰው ሰንሰለት ነው፣ አንዳንዴም ካምቢዮው። እሱ በመከር መጨረሻ ቡሹን ፈትቶ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ያቆመዋል። በረዶ ላይ ስለመሄድም አስጠነቀቀ፤ ማሽኑ ስለሚንሳፈፍ ሰዎች ስስ በረዶ ላይ በድፍረት ይወጣሉ፣ ሲሰበርና ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ጎማዎቹ የበረዶውን ጠርዝ መውጣት ያቅታቸዋል።

22. አንዲት የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ መጥታ ሁላችንንም ወቀሰች። ሰፊና ለስላሳ ጎማ መሬቱን ብዙ አይጫንም የሚለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ የሚዞረው አንዱን ጎን ይዞ እየተፋገ ስለሆነ የረግረጉን ሽበት፣ መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሸፈነውን ለስላሳ ዕፅ፣ ከሥሩ ይገነጥላል፣ ያም ሽበት መልሶ ለመብቀል ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ሰዎች ተነሡባት፣ ቃላቸውም ከልክ አለፈ። እኔ ግን ምክሯን ተቀብዬ መንገዴን በአንድ መስመር ብቻ አደረግሁ፣ መዞሪያዎቹንም በሰፊው ቀየስኋቸው። ሰፊ መዞሪያ ለሰንሰለቱም ይበጃል።

23. የመጨረሻው ከባድ መልስ ለእኔ ነበር። በመካከል ልጆቼን በመጀመሪያው ቀን ይዣቸው እንደምወጣ ጽፌ ነበር። ይህች እኅት ነርስ ናት። ገና በተበየደ ቀፎ፣ ባልተፈተነ ኩሽኔታ፣ ሁለት ሕፃናት ይዞ ውኃ ላይ መውጣት የአባት ሥራ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሕይወት መከላከያ ሰደርያ እንዳለኝ፣ ውኃ ቀድቶ የሚያወጣው ፓምፕ መሥራቱን አይቼ እንደሆነ፣ ነፋስ ሲነሣ በእርምጃ ፍጥነት የሚሄድ ማሽን ወደ የት እንደሚወሰድ አስቤ እንደሆነ በተራ ጠየቀች። ቃሏ መረረኝ፤ አንድ ቀን ሙሉ ሳልመልስላት ዋልሁ። ሁሉም ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ፓምፑ አይሠራም ነበር፤ ሽቦው በአይጥ ተበልቷል።

24. የእኔ ሪፖርት

ሁሉንም ፈታሁት። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ፣ ማታ ማታ ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ። ከስድስቱ ዘንጎች ኩሽኔታዎች አራቱን ለወጥሁ፤ ሁለቱን አጥቤ አዲስ ግራሶ ሞላሁባቸው፣ አሮጌው ተገፍቶ ንጹሑ እስኪወጣ ድረስ። ሁለቱም ጎን አዲስ ሰንሰለት ገባ፣ በግራ በኩል ጥርሶቹም ተለወጡ። ለቀኙ የኋላ ጎማ እኩያ አገኘሁለት። ካርቡሬተሩ ውስጥ የከረመ ቤንዚን እንደ ማር ረግቶ ነበር፤ እሱን ማጽዳት አንድ ምሽት ብቻ ወሰደ። ሞተሩን እንደ አራተኛው ምክር በአየር ፈተንሁት፣ ደኅና ነው። ጋሼ ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ።

ስንጥቁ ላይ ሦስት ቅዳሜ አጠፋሁ። መጀመሪያ በሁለት ጀሪካኖች ላይ ተለማመድሁ። የመጀመሪያውን ጥገና በጥፍሬ ስይዘው ተነሣ፣ ልክ አሥረኛው እንዳለው። ሁለተኛው ላይ ውኃ ሞልቼ አሳደርሁት፣ አላንጠባጠበም። ከዚያ በኋላ ነው ቀፎውን የገለበጥሁት። ጫፎቹን በሳሁ፣ ቦይ አስያዝሁ፣ ፋቅሁ፣ ሞላሁ። መልኩ አያምርም፤ እንደ ቁስል ጠባሳ ጎልቶ ይታያል። በመዶሻ እጀታ ስደበድበው ግን ከቀሪው ገላ ጋር አንድ ድምፅ ይሰጣል።

በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ብቻዬን፣ ሰደርያ ለብሼ፣ ወንድሜ ገመድ ይዞ ዳር ቆሞ፣ ወደ ኩሬው ገባሁ። የፊት ጎማዎች መሬት ሲለቁ ማሽኑ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ ተስተካከለና ተንሳፈፈ። አርባ ደቂቃ ውኃ ላይ ቆየሁ። ስወጣ ቡሹን ፈትቼ የወጣውን በጣሳ ለካሁት፣ ሁለት ጣሳ ነው። ብየዳው ደረቅ ነበር። ውኃው የገባው ካልለወጥኋቸው ሁለት ኩሽኔታዎች በአንዱ፣ በቀኙ የፊት ጎማ በኩል ነው። እሱንም አዝዣለሁ፤ ሲደርስ ለውጬ፣ እንደገና አርባ ደቂቃ ተንሳፍፌ፣ ከዚያ ነው ልጆቼን የማወጣቸው።

25. ከዋሽንግተን የጻፈችው እኅት የብየዳውን ፎቶግራፍ ለአጎቷ ልካለት ነበር። አሁን ሸምግለዋል። ስፌቱን አጉልተው አይተው አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈዋል፤ እዚያ ጋ ሙቀቱ አንሶታል፣ ድገመው ብለዋል። ነገ እደግመዋለሁ።